ሻለቃ ናፍጣ የለውም

እኔ የመኪና ኤሌትሪሺያን ነኝ። ወልድያ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ኤሌትሪሺያን» ብዬ ዝም አልልም፤ «በተለይ በድሮ የጦር መኪና ጌጅ ከእኔ በላይ የለም» ብዬ እጨምራለሁ። የጠየቀኝ የለም፤ ግን እጨምራለሁ። ይህን ባሕርዬን ከአሁኑ እወቁልኝ፤ ኋላ ለሚመጣው መዓት ግማሹ ምክንያት ይኸው መጨመሬ ነው። ሌላውን ግማሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ጌጅ ስላችሁ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ስንት ናፍጣ እንደቀረ የምታሳየዋን መርፌ ማለቴ ነው። ናፍጣው የሚጠራቀምበት፣ እኛ ሰልባትዮ የምንለው፣ ሆዱ ውስጥ በቀጭን ክንድ ጫፍ የተሰካ ተንሳፋፊ አለ። ናፍጣው ሲሞላ ይነሣል፤ ሲጎድል ይወርዳል። ከእሱ አንዲት ሽቦ ተነሥታ በመኪናው ሆድ ሥር ለሥር ተስባ ጋቢና ትገባለች። መርፌዋን የምታዝዛት ይህች ሽቦ ናት። በእነዚያ የራሺያ መኪኖች ሽቦዋን ከሰልባትዮው ላይ ብትነቅላት መርፌዋ ዘልላ ሙሉ ላይ ትወጣለች፤ የመኪናውን ብረት ብታስነካት ዜሮ ላይ ትወድቃለች። ጌጅ ሲታመም የመጀመሪያው ምርመራ ይህ ነው፤ ነቅለህ ታያለህ፣ አስነክተህ ታያለህ። ይህን ለመማር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ግን በነጻ ተማራችሁት።

የእኛ አገር ሾፌር ጌጅ አያምንም። ከግራና ከተማ ማሽላ እየጫነ የሚመጣ አንድ ሾፌር ነበር። ጌጁን ልክ አድርጌ ሠርቼለት፣ መርፌዋ ግማሽ ላይ ቆማ እያያት፣ ይወርድና ሰልባትዮውን በጡጫው ይደበድባል። ከዚያ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል። በመጨረሻም ከመቀመጫው ሥር ሸምበቆ አውጥቶ ይከትና እርጥቡን በጣቱ ይለካል።

«ስንት አለ?» እለዋለሁ።

«ግማሽ።»

«መርፌዋስ ስንት አለች?»

«ግማሽ። ግን እሷ ምን ታውቃለች?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የታገልኩት እንዲህ ካለው ሰው ጋር ነው። እስከ ዛሬ ሸምበቆ የያዘ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብ ናፍጣ ጠፋ። ናፍጣ ሲጠፋ ደግሞ ናፍጣ ያለው ሰው እንደ ጥፋተኛ ይታይ ጀመር። አንዱ መጥቶ «ለግዳጅ ይፈለጋል» ብሎ መኪናህን ከነነፍሱ ይወስደዋል፤ ሌላው መጥቶ መኪናህን ትቶልህ ናፍጣውን በጎማ ቱቦ ስቦ ይሄዳል። ሁሉም ግን መጀመሪያ አንገታቸውን በጋቢናው መስኮት አስገብተው መርፌዋን ያያሉ። ያን ሁሉ ዘመን ባለቤቱ ያላመናትን መርፌ የሚነጥቅ ሰው አመናት። ሙያዬ የተከበረው ያን ጊዜ ነው፤ የተከበረውም በማን እንደሆነ አያችሁ።

ወዲያው ደንበኞቼ ይጎርፉ ጀመር። «ወንድሜ፣ ጌጄን አበላሽልኝ» ይሉኛል። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሳምመኝ» የሚል ሰው አለ? ቁጣዬ ግን ከግማሽ ቀን አላለፈም። ሽቦዋን ከመኪናው ብረት ጋር ማሰር ነው፤ መርፌዋ ዜሮ ላይ ትተኛለች፤ በቃ። ለአንዱ የሚኒባስ ሾፌር ሠራሁለት፤ በማግስቱ ተሳፋሪዎቹ መርፌዋን አይተው መናኸሪያ በር ላይ ወረዱበት። ሌላው ደግሞ እኔ ዜሮ እንዳደረግኩለት ራሱ ረስቶት ቀኑን ሙሉ ጀሪካን ይዞ ናፍጣ ሲለምን ዋለ። በዚህ ሰውዬ ሆዴን እስኪያመኝ ስቄያለሁ። በራሱ ውሸት የሚሞኝ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

አሁን ጋሽ አስፋውን ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ አስፋው ጎረቤቴ ናቸው፤ ስድሳ ያለፋቸው የእህል ነጋዴ። ወሬ አይወዱም። «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብትሏቸው «ለምን ፈለግከው?» ብለው የሚመልሱ ሰው ናቸው። ከደርግ ጊዜ የቀረ አንድ የራሺያ የጦር መኪና በጨረታ ገዝተው ሰማያዊ ቀለም ቀብተውታል፤ ቀለሙ በተፋቀ ቁጥር ግን አረንጓዴው ብቅ ስለሚል የሰፈሩ ሰው «ሻለቃ» ብሎ ሰይሞታል። የሻለቃ ሰልባትዮ ክዳን ላይ የቤተ ክርስቲያን በር የሚያህል የጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። መክፈቻው ከጋሽ አስፋው ወገብ አይለይም። ሰይድ የሚባለው ሾፌራቸው ሻለቃን አሥራ አምስት ዓመት ሲነዳ የሰልባትዮውን አፍ ተከፍቶ አይቶት አያውቅም። ናፍጣ የሚሞሉት ራሳቸው ናቸው፤ ስንት እንደሞሉ የሚያውቀው እግዚአብሔርና እሳቸው።

አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጡ።

«የሻለቃን መርፌ ጣልልኝ» አሉኝ። «ሰይድ እንዳያውቅ። ቤትም እንዳይሰማ።»

ቤት ማለታቸው ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ናቸው።

«እትዬ ዘውዴ ደግሞ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ክፉ ሆና አይደለም። የሴት አፍ ላይ ቁልፍ አይገባም።»

እኔም እንደ ትልቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። እንደ እኔ ያለ ምሥጢር ጠባቂ ፊት ሌላ ምን ይባላል? የሞተሩን ቁልፍ አዙሬ ሳየው መርፌዋ ሩብ ላይ ነበረች። «ልክ ነው ወይ ጋሽዬ፣ ስንት አለው?» አልኳቸው። «ለምን ፈለግከው?» አሉኝ። ከሰልባትዮው ራስ ላይ ጣት የምታህል ሽቦ ወደ መኪናው ብረት አሰርኩ፤ ላይዋን በግራሶና በአፈር ለቀለቅኳት። የሠራኋትን እኔው ራሴ ፈልጌ እስካጣት ድረስ አሳመርኳት።

እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርቶ ዝም ማለት እንዴት ይቻላል? እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠላ ቤት ተቀምጠን ሰው ስለ ናፍጣ ሲያወራ አላስችል አለኝ። «የሻለቃን መርፌ ሄዳችሁ እዩዋት» አልኩ። «ያየ ሰው አዝኖ ምጽዋት ይሰጠዋል። የማን እጅ እንደሆነ ግን አልናገርም።» ይህን ብዬ እጄን ለጠላ ቤቱ ሁሉ አሳየሁ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያች እሑድ በኋላ ጋሽ አስፋው ሰላምታዬን በቅንድባቸው ብቻ ይመልሱ ጀመር። በእውነቱ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ የንግድ ሐሳብ ይዟቸው ነው ብዬ አለፍኩት። በዚያው ሳምንት ሻለቃን ራሳቸው ነድተው፣ ሰይድን ትተው፣ መርሳ ሄደው ተመለሱ። ለሰይድም «ናፍጣ አልቋል፤ ሻለቃ ይቆማል» አሉትና ግቢያቸው ውስጥ አቆሙት።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ መርሳ ላይ የአጎታቸው ልጅ አረፈ። ጋሽ አስፋው በሚኒባስ ለቅሶ ሄዱ። ለእትዬ ዘውዴ «በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ፤ ክፉ ነገር ቢመጣ ሻለቃ አለልሽ» ብለዋቸዋል። በሦስተኛው ቀን ስልክ ጠፋ፤ ሚኒባስም ተቋረጠ። የክዳኑ መክፈቻ መርሳ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ጋሽ አስፋው ወገብ ላይ ቀረ።

ያ ቀን በጠዋት ነው የጀመረው። ከቆቦ በኩል ይሰማ የነበረው የመድፍ ድምፅ ቀረበ፤ መስኮት ማንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰው ፍራሽ ተሸክሞ፣ ፍየል እየጎተተ ወደ መርሳ መንገድ ይወጣል። እትዬ ዘውዴ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ።

«አንተ ባለሙያው! ቶሎ ና እስቲ በማርያም!»

ስገባ ሰይድ የሻለቃን ጎማ በእግሩ ይመታል። የእትዬ ዘውዴ እናት፣ እማማ ትሁኔ፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠዋል። እማማ ትሁኔ ዘጠና ያለፋቸው ናቸው፤ ከአልጋ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ አልጋ ካልሆነ በእግራቸው መሄድ ካቆሙ ሰንብተዋል። ጥቁር ሻሽ አስረው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ በፊት መስታወቱ አጥሩን ያያሉ። እትዬ ዘውዴ የያዙት ነገር ሁሉ አንድ ዘንቢል ነው። ጭንቃቸው ግልጽ ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ በእግሩ ይሄዳል፣ እናታቸው ግን ያለ ሻለቃ የትም አይደርሱም።

«ሰይድ ናፍጣ የለውም ይለኛል» አሉኝ እትዬ ዘውዴ። «አስፋው ደግሞ አለልሽ ብሎኝ ነው የሄደው። የማንን ልመን?»

ደስ አለኝ። እንዲህ ባለ ቀን ደስ ይላል? እኔን ደስ አለኝ። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩና። «አይጨነቁ እትዬ» አልኩ፣ «መርፌዋን ዜሮ ያደረግኳት እኔ ነኝ። አሁን እፈታታለሁ፤ እውነቱን በዓይንዎ ያያሉ።» ሰይድ አፉን ከፍቶ አየኝ።  ከመኪናው ሥር ገብቼ፣ ግራሶውን ፍቄ፣ ያቺን ጣት የምታህል ሽቦ በፒንሳ ቆረጥኳት።

«ሰይድ፣ ቁልፉን አዙር! ተነሣች?»

«አልተነሣችም።»

«ደህና አድርገህ እያት እንጂ!»

«ኧረ ዜሮ ላይ ተኝታለች ነው የምልህ!»

ወጥቼ ራሴ አየሁ። ዜሮ። በመስታወቱ ላይ በጣቴ መታ መታ አደረግኳት፤ ንቅንቅ አላለችም። ያን ጊዜ በአእምሮዬ ሒሳብ ሠራሁ፤ ስጥላት ሩብ ነበረች፣ ከዚያ መርሳ ደርሶ መልስ፣ ሩብ ከዚህ አያልፍም። ጋሽ አስፋው ለሚስታቸው እንደ ወንድ ወጉ ልባቸው እንዲያርፍ ነው «አለልሽ» ያሏቸው። «እትዬ» አልኩ፣ ድምፄን እንደ ሐኪም ዝቅ አድርጌ፣ «ሻለቃ ናፍጣ የለውም።»

ሰይድ ሰልባትዮውን በጡጫው መታው። አዳመጠ። ደግሞ መታው። «ለእኔ ግን ያለው ይመስለኛል» አለ።

«ጆሮህ ሊትር መቁጠር ከጀመረ እኔ ሱቄን ልዝጋ» አልኩት።

«እሺ መዶሻ አምጡልኝ፤ የክዳኑን ቁልፍ ልስበረውና እንየው።»

«የጋሽ አስፋውን ቁልፍ? ምን ሊያሳይህ? ነገርኩህ እኮ!» ይህን ስል ድምፄ ትንሽ ሳይጮህ አልቀረም። መርፌ በእጄ ሠርቼ፣ በእጄ ጥዬ፣ በእጄ አንሥቼ፣ አሁን ደግሞ ሸምበቆ ሊያስከትቱብኝ!

እትዬ ዘውዴ ወደ እኔ ቀረብ አሉ። «ስማኝ ወንድሜ» አሉ ቀስ ብለው። «አስነሡትና ይሂድ። እስከ ሄደበት ይሂድ። መንገድ ላይ ሲሪንቃ ቢያደርሰን እንኳ ከሲሪንቃ ወዲያ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እትዬ፣ እርስዎ ይህን አያውቁትም» አልኳቸው። «የናፍጣ ሞተር አንዴ አየር ከሳበ በቀላሉ አይነሣም። ዳገት ላይ፣ መንገድ ዘግቶ፣ ያ ሁሉ ሰው ከኋላ፣ ተኩስ ከላይ… እማማን ጋቢና ውስጥ ይዘው እዚያ መቆም ይሻልዎታል?» ነገሩ በቴክኒክ ልክ ነው። ዛሬም ብትጠይቁኝ ልክ ነው እላለሁ።

እማማ ትሁኔ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። «ምን እያለ ነው ይሄ?»

«ናፍጣ የለውም ይላል እናቴ።»

«እንግዲያው አውርዱኛ! ያልሞላ መኪና ላይ ጎልታችሁኝ ስትጨቃጨቁ ልትውሉ ነው? እኔን ማን ምን ያደርገኛል? ሌባም ቢመጣ የምሰጠው ጥርስ እንኳ የለኝ።»

እትዬ ዘይነባ ከጎረቤት መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር። ባላቸው በሽተኛ ስለሆነ እሳቸውም አይሄዱም። «ዘውዴ» አሉ፣ «አንቺ ሂጂ። የሰፈሩን ወጣት ሴት ልጆች ይዘሽላቸው ሂጂ፤ ሰፈሩ ሁሉ ልጁን ይዞ እየጠበቀሽ ነው። እኔ የትም አልሄድም፤ ኢንሻአላህ እናትሽን እንደ እናቴ አያለሁ። መንገዱ ሲከፈት ባልሽን ይዘሽ ትመጪያለሽ።»

እማማ ትሁኔን በጀርባዬ አዝዬ ከጋቢናው አወረድኳቸው፤ አልጋቸው ላይ መልሼ አስተኛኋቸው። እትዬ ዘውዴ የእናታቸውን እግር በጋቢ ሸፍነው፣ ውሃ በራስጌያቸው አስቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ስመው ወጡ። ሲወጡ ወደ ኋላ አላዩም፤ ቢያዩ ኖሮ አይሄዱም ነበር።

ጉዞውን ተዉት። ሰላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ሰው የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ የሚደርስበት መንገድ ነው። እኔ የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ ነበር። ሰው ልጁን አዝሏል፣ ሰው እናቱን ደግፏል፣ እኔ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መለኪያ፣ ጥቅል ሽቦ፣ አንድ አሮጌ ዲናሞ ጭምር ተሸክሜ በየዳገቱ እወድቃለሁ። «ጣለው!» ሲሉኝ «እንጀራዬ ነው!» እላለሁ። ዲናሞውን ለምን እንደያዝኩት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚሠራ ዲናሞም አልነበረም።

ሲሪንቃ ልንደርስ ስንል ከኋላችን የመኪና ድምፅ መጣ። ሰው ሁሉ ከመንገዱ ወርዶ ማሽላው ውስጥ ተበተነ። እኔ ግን ድምፁን ሳልመለከት አወቅሁት። ሰይድም አወቀው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ሰማያዊው ቀለም የተፋቀ፣ በጎኑ አረንጓዴው የወጣ፣ ሻለቃ ራሱ ዳገቱን እያጓራ ወጣ። ላዩ ላይ ታጣቂዎች እስከ አፉ ሞልተዋል። መንገዱ መሐል ካለ ጉድጓድ ሲደርስ ዝግ አለ፤ ከእኛ የአንድ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ አለፈ። ሄደ። ጭሱ ማሽላው ላይ ተኛ።

 ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ምናልባት» አልኩ፣ «የራሳቸውን ናፍጣ ጨምረውበት ይሆናል።»

«ክዳኑን አላየኸውም?» አለ ሰይድ። «የጋሽ አስፋው ቁልፍ እንደተቆለፈ ነው የተንጠለጠለው።»

አይቼው ነበር። እንዳላየሁ መሆን ፈልጌ ነው። እትዬ ዘውዴ ጭሱ እስኪጠፋ ቆመው አዩት። ከዚያ ዘንቢላቸውን አንሥተው መሄድ ጀመሩ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

መርሳን በእርሻ ለእርሻ ዞረን ገባን። ጋሽ አስፋውን ለቅሶ ቤቱ ጓሮ፣ ብርቱካን ዛፎች ሥር ተደብቀው አገኘናቸው። ሚስታቸውን ሲያዩ ደስታቸው ለአፍታ ነበር። «እናትሽስ?» አሉ። «ሻለቃስ?»

«ናፍጣ የለውም ተባልኩ» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«እንዴት የለውም? አፍንጫው ድረስ የሞላሁትን! ደሴ ወስዶ የሚመልስ!»

ነገሩ ያን ጊዜ ወጣ። የጠላ ቤቱ ወሬዬ ጋሽ አስፋው ጆሮ በማግስቱ ነበር የደረሰው። ውሸቱ መታወቁን ሲሰሙ መርሳ ሄደው ሰልባትዮውን ከሞሉ በኋላ፣ ሌላ ኤሌትሪሺያን ዘንድ ገብተው ሁለተኛ ውሸት አሠሩ፤ ዳሽቦርዱ ሥር፣ እዚያው መርፌዋ ጀርባ ላይ። የእኔን ሽቦ ደግሞ ሆን ብለው ተዉት፤ የጠላ ቤቱን ወሬ ሰምቶ የሚመጣ ሰው እሷን ቆርጦ ዜሮ ሲያይ እንዲያምን ነው። እንደታሰበውም አመንኩ።

አሁን የመጀመሪያውን ምርመራ አስታውሱልኝ። ሽቦዋን ከሰልባትዮው ነቅዬ መርፌዋ ሙሉ ላይ ትወጣ እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። አትወጣም ነበር። አለመውጣቷ ሌላ ቦታ መታሰሯን ይነግረኝ ነበር። አንድ ትንፋሽ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ለመጣ መኪና ሁሉ አድርጌዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ውሸቷን ያሰርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ እኔ ከፈታኋት የሚቀረው እውነት ብቻ ነው አልኩ። በጀሪካን ናፍጣ ሲለምን የዋለው ሰውዬ ከእኔ የተሻለ ነው፤ እሱ ሲለምን ሌላ ሰው ከመኪና አላስወረደም።

እትዬ ዘውዴ ሁሉንም ቆመው ሰሙ። ከዚያ ባላቸውን እንዲህ አሉ፤

«ውሸቱን ለዚህ ነገርከው። ይሄ ለጠላ ቤቱ ነገረው። እውነቱን ለመርሳው ሰው ነገርከው። እናቴን ጋቢና ውስጥ ያስቀመጥኩ እኔ ግን ውሸቱንም እውነቱንም አልሰማሁም። አርባ ዓመት ምን ወሬ አውጥቼብህ ነው አስፋው?»

ጋሽ አስፋው «ለምን ፈለግሽው?» እንኳ አላሉም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘውዴ መቀነታቸውን አጥብቀው ወደ ወልድያ ተመለሱ። ሰው ሁሉ ከዚያ እየሸሸ እሳቸው ብቻቸውን ወደዚያ ሄዱ። «ተይ» አልናቸው፤ አልሰሙንም። «አብሬ ልሂድ» ያለ ግን አልነበረም። ጋሽ አስፋው ወገባቸውን ያዙ፣ እኔ ቦርሳዬን ያዝኩ፤ ሁለት ወንዶች፣ ሰይድንና የሰፈሩን ልጆች አስከትለን፣ በግራና ከተማ በኩል በእግር ዞረን ወደ ደሴ ሸሸን። ጋሽ አስፋው ዛሬ ይህን ሲያወሩ «ዘውዴ ጀግና ናት» ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ ጫማዬን አያለሁ።

ወራት አልፎ ወልድያ ስንመለስ ሱቄ ባዶ ነበር፤ በሩም የለ። ሻለቃ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልተሰማም። እማማ ትሁኔ መድኃኒታቸው አልቆ፣ እኛ ከሄድን በሁለተኛው ወር አርፈዋል። ልጃቸው ደርሰውላቸው ነበር፤ እትዬ ዘይነባ ቀሳውስቱን ለምነው፣ ሁለቱ ሴቶች ከጥቂት ሽማግሌ ጋር ሆነው ቀብረዋቸዋል።

በአገራችን ደንብ መሠረት ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ እትዬ ዘውዴ ደጅ ሄጄ ተንበረከክሁ። በር ላይ የሽሮ አተር ሊያበጥሩ ሰፌድ ይዘው ነበር።

«አውርደው» አሉኝ። «ይቅር ብዬሃለሁ። አንድ ነገር ግን ንገረኝ። አስነሡት፣ እስከ ሄደበት ይሂድ ስልህ ለምን እምቢ አልከኝ? የአየሩን ነገር ተወው፤ እሱን ሰምቻለሁ።»

ድንጋዩን አወረድኩ። ያን ያህል ጊዜ ለማንም ያላልኩትን አልኳቸው። «መንገድ ላይ ቢቆም ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው ብዬ ነው እትዬ። ጌጅ አያውቅም እንዳልባል ነው።»

ሰፌዱን አስቀመጡት።  ይቅርታቸውን መልሰው የሚወስዱት መሰለኝ።

«እናቴን ከጋቢናው በጀርባህ ያወረድካት አንተ ነህ አይደል?» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«ከብዳህ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ምንም አልከበዱኝም።»

«እንግዲያው» አሉ እትዬ ዘውዴ፣ «እስከ መርሳ አዝለህልኝ በመጣህ ነበር።»